ቤቱን ዘግቶ የሚሄድ ሰው መልስ የሚሰጠው ለማን ነው?

ሰው ከተወለደበት አገር ወጥቶ ወደማያውቀው አገር በሄደ ጊዜ፥ የሰማ ሁሉ «ምን አስኬደው?» ብሎ መጠየቁ የተለመደ ነው። ብቻውን የሚሄድ ጎልማሳ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት አይቸገርም፤ ቢያገኝም ቢያጣም ትርፉና ጉዳቱ የራሱ ነውና። ዳሩ ግን አባት ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ፥ ቤቱን ዘግቶ የሄደ እንደ ሆነ ነገሩ ይከብዳል። አሳቡን የሚቈርጡት አንድ ሰው ወይም ባልና ሚስት ናቸው፤ በተቈረጠው አሳብ ዕድሜያቸውን የሚኖሩት ግን ብዙዎች ናቸው። ከእነዚህም ልጆቹ ገና ማመዛዘን ስለማይችሉ፥ ሽማግሌዎቹም አብረው ስለማይሄዱ፥ ፈቃዳቸውን የሚጠይቃቸው የለም። እንግዲህ ይህ አባት ስላደረገው ነገር መልስ የሚሰጠው ለማን ነው?

ቤተ ሰብን ከአገሩ የሚያስነሡት ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን በሦስት ወገን ቢከፈሉ ለማስተዋል ይቀላል። ፊተኛው የሚገፋ ምክንያት ነው፤ እርሱም ራብ፥ ጦርነት፥ የገዢ ግፍ፥ ከመሬት መነቀል ነው። ሁለተኛው የሚስብ ምክንያት ነው፤ እርሱም የተሻለ ደመወዝ፥ ለልጅ ትምህርት ቤት፥ ለበሽተኛ ሐኪም፥ በሕግ ጥላ ሥር ያለ ፍርሃት ማደር ነው። ሦስተኛው ቀድሞ የሄደ ዘመድ ነው። ይህ ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ሆኖም የተራበ ሁሉ አይሰደድም፥ ባለጸጋ አገርም ሁሉን ሰው አይስብም። መንገዱን በደብዳቤ የሚያመለክት፥ የጉዞውን ገንዘብ የሚልክ፥ በወደብ ቆሞ የሚቀበል ወንድም ወይም አክስት ሲገኝ ያን ጊዜ አሳቡ ጉዞ ይሆናል።

ሦስቱም ባንድነት የታዩበትን አገር ለምሳሌ እናንሣ፤ ይኸውም አየርላንድ ነው (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው)። በ1841 በተደረገው ቈጠራ የአየርላንድ ሕዝብ ከ8 ሚሊዮን ይበልጥ ነበር። ከድኻው ወገን እጅግ ብዙው የሚኖረው በድንች ነበር፤ ጥቂት መሬት ብዙ ነፍስ የምትመግበው በድንች ነበርና። በ1845 በድንቹ ላይ በሽታ ወደቀ፤ ቅጠሉ ጠቈረ፥ ፍሬውም ገና በመሬት ውስጥ ሳለ በሰበሰ። እስከ 1852 ድረስ በራብና ራቡን ተከትሎ በመጣው ተስቦ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፤ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥም አገሩን ለቆ ሄደ። በ1851 በተቈጠረ ጊዜ የተገኘው ሕዝብ 6 ሚሊዮን ተኩል ያህል ነበር። በዚያው ዘመን እህልና ከብት ከአየርላንድ ወደቦች ወደ እንግሊዝ አገር ይጫን ነበር። ባለመሬቶችም የመሬቱን ኪራይ ለመክፈል ያልቻለውን ጭሰኛ ከቤቱ ያስወጡት ነበር፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም መሬቱ እንዲለቀቅላቸው ሲሉ የመርከቡን ዋጋ ራሳቸው ከፍለው ሰደዱት። በ1847 ወደ ካናዳ በሄዱት መርከቦች ተስቦ ገብቶባቸው ስለ ነበረ፥ በቅዱስ ሎሬንስ ወንዝ ባለችው በግሮስ ኢል ደሴት በዚያ ዓመት ብቻ ከ5 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ተቀበሩ።

ይህን የሰማ ሰው «ራብ ላሳደደው ሰው ምን ምርጫ አለው?» ይላል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ከሁሉ የባሰው ድኻ አልሄደም፤ የመርከብ ዋጋ ከየት ያመጣል? እርሱ በጎጆው ወይም በድኾች መጠለያ ቤት ሞተ። የሄደው የሚሸጥ ላም የነበረው፥ ወይም በኒው ዮርክ ወንድም የነበረው ነው። ራቡ ካለፈ በኋላም ጉዞው አልቆመም፤ ወንድም ወንድሙን፥ እኅት እኅቷን እየሳበች ከአርባ ዓመት በኋላም ይሄዱ ነበር። ጃንዋሪ 1 ቀን 1892 በኒው ዮርክ የኤሊስ ደሴት የስደተኞች መቀበያ በተከፈተ ጊዜ፥ በመዝገቡ በመጀመሪያ የተጻፈችው አኒ ሙር የምትባል የ17 ዓመት የአየርላንድ ልጅ ነበረች። ሁለት ታናናሽ ወንድሞቿን ይዛ ከኮርክ አውራጃ የመጣችው ቀድመው ወደ ሄዱት ወላጆቿ ነበር። ሹሞቹ የ10 ዶላር ወርቅ ሰጧት፤ ነገሩም በጋዜጣ ተጻፈ። ወላጆቹ በባሕር ማዶ፥ ልጆቹ በኮርክ ሆነው የኖሩበት ጊዜ ግን በየትኛው መዝገብ ይጻፋል? ያ ቤተ ሰብ አንድነት የተሻለ ኑሮ ለመኖር ሲል አስቀድሞ መለያየት አስፈለገው።

የአየርላንድ ገበሬዎች ይህን ጉዳት ያውቁት ነበር። ይልቁንም በምዕራቡ ክፍል፥ አንድ ሰው ወደ አሜሪካ ሊሄድ ባለበት ሌሊት፥ ሬሳ ሲጠብቁ እንደሚያድሩት ዐይነት ጎረቤት ሁሉ በቤቱ ተሰብስቦ ያድር ነበር። እየተጫወቱና እየጨፈሩ ያመሻሉ፤ ከዚያም እናቶች ለሞተ ሰው እንደሚለቀሰው ያለቅሳሉ፤ ሲነጋም የሚሄደውን ሰው ጥቂት መንገድ ይሸኙታል። ላልሞተ ሰው ማልቀሳቸው ካለማወቅ የመጣ አይደለም። አብዛኛው እንደማይመለስ ስላወቁ፥ ትርፉን ከመቍጠራቸው በፊት ጉዳቱን በግልጥ ቈጠሩት።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ከ1974 አብዮት በፊት ለትምህርት ባሕር የተሻገረው ሰው አብዛኛው ተመልሶ ይመጣ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን እስራትና ግድያ ብዙ ቤት በተነ፤ አሜሪካ በ1980 ባወጣችው የስደተኞች ሕግም ብዙ ኢትዮጵያውያን በሱዳን በኩል ወደዚያ ገቡ። በ1990 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ እኛ «ዲቪ» ያልነውን ዕጣ አመጣ። ይህ ዕጣ የስደትን ነገር ለወጠው፤ ያልተገፋውን ሰው፥ ሥራና ቤት ያለውንም፥ «ልሂድ ወይስ ልቅር?» ብሎ እንዲያወጣና እንዲያወርድ አደረገው። ሕጉም ዕጣ የወጣለት ሰው የትዳር ጓደኛውንና ያላገቡትን ከ21 ዓመት በታች ያሉ ልጆቹን ይዞ እንዲገባ ፈቀደ። እናትና አባት ግን በዚህ ቍጥር አልገቡም። እኛ ቤተ ሰብ ስንል አያትን፥ አክስትን፥ ያሳደግነውን የዘመድ ልጅ ጨምረን ነው፤ ሕጉ ግን ቤተ ሰብ ሲል በመካከላችን መስመር አሰመረ።

በሰፈሬ ይኖር ለነበረ ለአንድ አስተማሪ ይህ ዕጣ ወጣለት። ሊሄድ ባለበት ማታ ጎረቤቶች ለሽኝት ተሰበሰብን። እናቱ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር አብረው የኖሩ፥ ሁሉንም አዝለው ያሳደጉ ናቸው፤ በዚያች ማታ ሽሮውንና በርበሬውን በከረጢት እያደረጉ ያስሩ ነበር። ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጦ «እማዬ፥ ይህን ሁሉ የማደርገው ለልጆቹ ስል እኮ ነው» አላቸው። እርሳቸውም እጃቸውን ከሥራው ሳያነሡ «እውነትህን ነው ልጄ፤ ለልጅ የማይደረግ ነገር የለም። እኔስ ልጅ የለኝምን?» አሉት። እርሱ ዝም አለ፤ እኛም ዝም አልን። ቡናው እስኪቀርብ ድረስ የተናገረ የለም።

ከዚያ ማታ ወዲህ «ለልጆቼ ስል» የሚለው ቃል ከአሳቤ አልወጣም። ቃሉ ሐሰት አይደለም፤ ብዙ አባት ለልጁ ሲል ክብሩን ይጥላል። በአገሩ «መምህር» እየተባለ ይከበር የነበረ ሰው በዋሽንግተን ከተማ ሌሊቱን የመኪና ማቆሚያ ሲጠብቅ ያድራል፤ ይህን ለራሱ ደስታ ያደርገዋል የሚል የለም። ዳሩ ግን ይህ ምክንያት ማንም የማይከራከረው ስለ ሆነ፥ ሌሎቹን ምክንያቶች ለመሸፈን ይመቻል። ሰው ለጎረቤቱ የሚነግረው አንድ ምክንያት አለው፤ ሌሊት እንቅልፍ ሲያጣ ለራሱ የሚነግረው ደግሞ ሌላ ነው። የባልንጀራው መሄድ ያስቀናው፥ ከዘመዱ ጋር የተጣላ፥ ከሹመቱ ወርዶ ያፈረ ሰው ሁሉ «ለልጆቼ ስል» ይላል። ልጁ ግን አልተጠየቀም። ትምህርት ቤትና ሐኪም አገኘ፤ ከአያቱ ጋር የሚነጋገርበትን ቋንቋ ግን አጣ። በስልክ ሲገናኙ አባቱ በመካከል ሆኖ ያስተረጕማል።

ስለዚህ አንዳንዶች «አገሩን ጥሎ የሚሄድ ከሃዲ ነው» ብለው ይፈርዳሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ሕዝቡ እየተራበ እህሉ ሲጫን ዝም ብሎ ያየ መንግሥት፥ ወይም ወጣቱን ያሰረና የገደለ መንግሥት፥ «ለምን ሄድህ?» ብሎ ለመጠየቅ አፍ የለውም። ደግሞም የሄደው ሰው በሚልከው ገንዘብ ስንት ቤት ቆርቆሮ ለበሰ፥ ስንት ልጅ ተማረ! ሌሎች ደግሞ ፍርዱን ለፍጻሜው ይተዉታል፤ «ከተሳካለት ልክ ነበረ፥ ካልተሳካለት ተሳሳተ» ይላሉ። ይህም አይረዳንም። የያዕቆብ ቤት በራብ ምክንያት ወደ ግብፅ ወረደና ዳነ፤ የኑኃሚን ባል ደግሞ በሌላ ዘመን በራብ ምክንያት ከቤተ ልሔም ወደ ሞዓብ ሄደ፥ እርሱም ሁለቱ ልጆቹም በዚያ ሞቱ። ምክንያቱ አንድ ሲሆን ፍጻሜው ተለያየ። ሰው በሚነሣበት ጊዜ ፍጻሜውን አያውቅምና፥ ሊጠየቅ የሚገባው ስለሚያውቀው ነገር፥ ማለት ስለ ምክንያቱ ነው።

እንግዲህ አባት መልስ የሚሰጠው ላልተጠየቁት ለሁለቱ ነው፤ በደጃፍ ለምትቀረው እናቱና 20 ዓመት ሲሞላው ለሚጠይቀው ልጁ። ቃሉን ሳይለውጥ ምክንያቱን ለሁለቱም መናገር የቻለ እንደ ሆነ ምክንያቱ የጸና ነው። ለእናቱ «ቶሎ እመለሳለሁ»፥ ለልጁ ግን «ላንመለስ መጥተናል» የሚል ሰው ከሁለቱ አንዱን አታሏል። እውነቱን መናገርም ዕዳ ያመጣል፤ ለእናት መጦሪያ መላክ ብቻ ሳይሆን መጥቶ ማየትን፥ ለልጅም ቋንቋውን ማስተማርንና የተገኘውን ብቻ ሳይሆን የተከፈለውንም መንገርን ይጠይቃል። በአገሩ የሚቀረውም ከዚህ ጥያቄ ነጻ አይደለም። ልጁ በሕይወት ሊያድግበት በማይችል ስፍራ በኩራት ወይም በፍርሃት የተቀመጠ አባት እርሱም ላልተጠየቀ ሰው ቈርጧል።

ያ አስተማሪ በአራተኛው ዓመት እናቱን ለመጠየቅ መጥቶ ነበር። አንድ ማታ አብረን ስንሄድ «እናቴ ያን ጊዜ ለጠየቀችኝ ምን ብዬ መመለስ ነበረብኝ?» አለኝ። «የጠየቅሁህ እኔ አይደለሁም፤ ለርሳቸው ንገራቸው» አልሁት። በማግሥቱ ጧት እናትና ልጅ በደጃፋቸው ተቀምጠው ብዙ ሰዓት ሲነጋገሩ አየሁ። የተባባሉትን አልሰማሁም፤ መልሱ የሚገባው ለርሳቸው ነበርና መንገዴን ቀጠልሁ።