ከሣሩ በታች

የእናቴ ግቢ ሣር ከተከለው ሰው የበለጠ ዕድሜ አግኝቷል። አባቴ ቤቱን አሠርቶ የገባው በ1959 ዓ.ም. ነው። ለመሠረት ተቆፍሮ የወጣውን አፈር፥ የተሰባበረውን ሸክላ፥ የደረቀውን ሲሚንቶና የተረፈውን ጠጠር ከበረንዳው ፊት ለፊት አስደለደለና፥ በላዩ ስስ አፈር አልብሶ ሣር ተከለበት። እኔ ያን ጊዜ የዐሥር ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ ጠጠሩን በጣሳ እያመላለስሁ ሳግዝ ትዝ ይለኛል። በዓመቱ ግቢው ለመለመ። የመጣው እንግዳ ሁሉ አደነቀ። ከሥሩ ምን እንዳለ የጠየቀ የለም፤ እኛም አልተናገርን።

በዚያ ሣር ላይ የሦስት ልጆች ሰርግ ተደግሷል። የአባቴ የለቅሶ ድንኳን የተተከለውም እዚያው ነው። ዛሬ ዘጠና አንድ ዓመት የሆናት እናቴ ጠዋት ጠዋት ወንበሯን አስወጥታ ፀሐይ የምትሞቀው እዚያው ላይ ነው። ታዲያ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሣሩ እየሳሳ፥ ቦታ ቦታውን እየተመለጠ መጣ። ክረምት ሲሆን ውኃው አልሰርግም ብሎ ያቁራል። በጋ ሲገባ መሬቱ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። የዋልካ ጠባይ ነው፤ ሲርስ ያብጣል፥ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በዚያ ላይ ከሃምሳ ዓመት በላይ ተረግጧል።

«ሣሬን ምን ነካብኝ?» አለችኝ አንድ ቀን። ጥያቄው የእርሷ ነበር፤ ሥራው ግን የእኔ ሆነ። ስለ ሣር ጀምሬ ሌላ ነገር ላይ ወድቄአለሁና አንባቢ ይታገሠኝ።

ምክር የሚሰጥ አላጣሁም። የመጀመሪያው መካሪ ግቢ በማሳመር የሚተዳደር ጎልማሳ ነበር። ዞር ዞር ብሎ አየና፥ «ይህ ሙልጭ ብሎ መነቀል ነው ያለበት። እስከ ክንድ ድረስ ቆፍረን ድንጋዩን እናወጣለን፤ ከዚያ አዲስ አፈር፥ አዲስ ሣር። ሁለት ክረምት ስጡኝ» አለ። እናቴ ከወንበሯ ሳትነሣ፥ «ሁለት ክረምት ከማን ተበድሬ ልስጥህ ልጄ?» አለችው። ጎልማሳው ሣቀ። እኔ ግን መሣቅ አልቻልሁም።

ሁለተኛው መካሪ ዩሪያ በትንበት አለኝ። ዩሪያ ከመቶ አርባ ስድስት እጁ ናይትሮጂን ነው፤ የተበተነበት ሣር ዝናብ ካገኘ ፈጥኖ ይጠቁራል። ነገር ግን ዩሪያ ቅጠሉን ይመግባል እንጂ የተረገጠውን አፈር አይከፍትም፤ ትል አያረባም፤ ውኃ የሚይዝ ብስባሽ አይጨምርም። ከዓመት ዓመት ሲደጋገም ደግሞ አፈሩን ያኮመጥጠዋል። የራበው ሰው ቡና ቢጠጣ ይነቃል፤ ጠገበ ግን አይባልም። ይህን ምክር የሰጠኝን ሰው አልነቅፈውም። እኛም ቤት የተደረገው ይኸው ነበራ፤ ከላይ አረንጓዴ፥ ከታች ሲሚንቶ።

ሦስተኛው ምክር በጣም ፈተነኝ። «አንድ ገልባጭ መኪና ጥቁር አፈር ልላክልህ፤ በላዩ ትደለድለዋለህ፥ ሣሩ ራሱ ሰንጥቆ ይወጣል» አለኝ አንድ ወዳጄ። ዋጋውን ተስማምተን ስልኩን ልዘጋ ስል፥ «ለመሆኑ አፈሩ የሚመጣው ከየት ነው?» አልሁት። «ከገጠር ነዋ» አለ። «ከማን ማሳ?» ስለው ዝም አለ። እኔም ዝም አልሁ።

ዝምታው ብዙ ቆየብኝ። አንድ ሳንቲ ሜትር አፈር ከዐለት ተፈጭቶ፥ ከቅጠልና ከሥር ብስባሽ ጋር ተዋሕዶ እስኪበጅ ድረስ የሰው ዕድሜ አይበቃውም፤ ነገሩ በመቶ ዓመታት የሚቆጠር ነው። መኪናው የሚገለብጠው የአንድን ገበሬ ማሳ ወይም የአንድን ደን የላይ ቆዳ ነው። እህል የሚያበቅለው ደግሞ ያ የላይ ቆዳ ነው። ሻጩ ወዶ ሸጠ እንበል፤ ከእርሱ በኋላ በዚያ መሬት ላይ የሚያርሰው ልጁ ግን አልተጠየቀም። ዓባይ አፈራችንን ጠርጎ ወሰደ እያልን ስንወቅሰው ኖረናል። ገልባጭ መኪናም አንድ ትንሽ ዓባይ መሆኑ የታየኝ ያን ቀን ነው።

እንግዲህ ሦስቱን ምክሮች ጎን ለጎን አድርጌ ሳያቸው አንድ ነገር ገባኝ። ሦስቱም ግቢውን ያሳምራሉ። የሚለያዩት ዋጋውን በሚያስከፍሉት ሰው ነው። መንቀሉ እናቴን የቀሯትን ጠዋቶች ያስከፍላታል። ዩሪያው ራሱን አፈሩን ያስከፍለዋል። የመኪናው አፈር የማላውቀውን ገበሬ ያስከፍለዋል። ከሦስቱ አንዱም እኔን፥ ጠጠሩን በጣሳ ያመላለስሁትን፥ ከገንዘብ በቀር የሚያስከፍለኝ ነገር የለም። አበላሽቶ ሌላውን ማስከፈል ጥገና ይባላል ወይ?

መልስ ያገኘሁት ለጎረቤት ሣር ከሚያጭዱ አዛውንት አትክልተኛ ነው። «ወንድሜ፥ ሥሩ እስካልሞተ ድረስ ምን ያስነቅልሃል? ከላይ አብላው፤ ወደ ታች የሚያወርደው አለ» አሉኝ። ከዚያ ያስተማሩኝ ሥራ ቀላልና አሰልቺ ነው። በመስከረም፥ መሬቱ ጭቃም ሳይሆን ደረቅም ሳይሆን፥ የሾለ ፌሮ ይዞ በየስንዝሩ መውጋት። የተነጠፈውን ሣር ሳያነሡ ለአየርና ለውኃ ቀዳዳ መክፈት። በላዩ በወንፊት የተነፋ የበሰለ ብስባሽ ከአንድ ሳንቲ ሜትር በማይበልጥ ውፍረት መበተንና፥ የሣሩ ጫፍ ብቅ ብሎ እስኪታይ ድረስ በመጥረጊያ ወደ ቀዳዳው ማስገባት። ሣሩን እንደ ምላጭ አለመላጨት፤ የታጨደውንም ደቃቅ አለመጥረግ፥ በስብሶ የወሰደውን ናይትሮጂን ይመልሳልና። በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ መድገም። አሸዋ ብጨምርበትስ ብዬ ነበር፤ አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። በዋልካ ላይ የሚጨመር ጥቂት አሸዋ አፈሩን አያላላውም፤ አጣብቆ እንደ ጡብ ያደርገዋል።

መቶ ካሬ ሜትር ሣር አንድ ሳንቲ ሜትር ለማልበስ አንድ ሜትር ኩብ ብስባሽ ይጠይቃል። ይህን ከማንም ማሳ ላለመውሰድ ከወሰንሁ፥ ከራሴ ወጥ ቤት መነሣት ነበረብኝ፤ የሽንኩርት ልጣጭ፥ የጎመን ግንድ፥ የቡና አተላ፥ የረገፈ ቅጠል። ከብት ከሚያረባ ጎረቤት እበት ለመንሁ። እበት ኩበት ሆኖ በሚነድበት አገር እርሱም በነጻ የሚገኝ ነገር አይደለም፤ ከምድጃው የተረፈውን ብቻ ወሰድሁ። የመጀመሪያው ዓመት ብስባሼ ከግቢው አንዱን ጥግ እንኳ አልሸፈነም።

አዛውንቱ «ወደ ታች የሚያወርደው አለ» ያሉት ነገር ቻርልስ ዳርዊን ለብዙ ዓመታት የተከታተለው ጉዳይ ነው። ይህ ሰው በ1842 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በሚኖርበት በዳውን መንደር አንድ የሣር መስክ ላይ የኖራ ድንጋይ ስባሪ አስበተነና ተወው። ከሃያ ዘጠኝ ዓመት በኋላ፥ በ1871፥ አስቆፍሮ ሲያይ ነጩ ስባሪ ከሣሩ በታች ሰባት ኢንች ያህል፥ ማለትም ዐሥራ ስምንት ሳንቲ ሜትር ገደማ ወርዶ አገኘው። የቀበሩት የመሬት ትሎች ናቸው፤ በልተው የሚያወጡትን ደቃቅ አፈር በየሌሊቱ በላዩ እየከመሩ። ልጆቹ «ድንጋያማው መስክ» ይሉት የነበረ ሌላ ማሳም በሠላሳ ዓመት ውስጥ ፈረስ ቢጋልብበት ኮቴው ድንጋይ የማይነካበት ሆነ። ዳርዊን ይህን ሁሉ የጻፈበትን መጽሐፍ ያሳተመው በ1881፥ ሊሞት ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው። ጨለማ ውስጥ የሚሠራ፥ ዓይንም ጆሮም የሌለው ፍጡር፥ ማንም ሳይነቅል መስክ ለወጠ።

እኔ የምገኝበት ትውልድ ይህን ዓይነት ትዕግሥት አልተማረም። በ1966 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርሁ። ክፉ ነገር ሁሉ ከነሥሩ መነቀል አለበት ብለን እናምን ነበር። ስለሚነቀለው እንጂ በሚነቀልበት ቦታ ላይ ስለ ተቀመጠው ሰው አላሰብንም። «ሁለት ክረምት ስጡን» ብለን እናቶችን ያስከፈልናቸው ዘመን ሁለት ክረምት ብቻ አልነበረም።

ይሁን እንጂ እዚህ ላይ ራሴን እንዳላታልል እፈራለሁ። ሁሉ ነገር በብስባሽ አይድንም። ጭሰኛውን «ታገሥ፥ ትል ይሠራልሃል» ማለት ግፍ በሆነ ነበር፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የመሬት ዐዋጅ ያስወገደው ሥርዓት በዝግታ የሚጠገን አልነበረም። ዝግታን የሚሰብከው አብዛኛውን ጊዜ የማይከፍለው ሰው ነው። ስለዚህ ጥያቄው መንቀል ወይስ መጠገን አይመስለኝም። ሁለት ጥያቄ ነው። አንደኛው የአዛውንቱ ነው፤ ሥሩ በሕይወት አለ ወይ? ሁለተኛው መኪናው ያስተማረኝ ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? ነቃዩ ዋጋውን ራሱ ከከፈለ ይንቀል። ጠጋኙም በሌላ ሰው ትዕግሥት የሚጠግን ከሆነ ጥገናው ማዘግየት ነው እንጂ ጥገና አይባልም።

አሁን አራተኛው ዓመት ነው። ግቢው አላማረም። ብስባሽ ያልደረሰበት ግማሹ አሁንም በበጋ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ የጀመርሁበት ጥግ ግን ዘንድሮ ክረምት ውኃ አላቆረም፤ ፌሮውም ሳልታገለው ገባልኝ። በጣቴ ቆንጥሬ ሳነሣው አፈሩ እንደ ደቃቅ ቆሎ ፍርክስክስ አለ። አንድ ቀይ ትል ተጠማዘዘና ተመልሶ ገባ። ከእርሱ በታች አንድ የሸክላ ስባሪ አየሁ፤ ምናልባት በጣሳ ያመላለስሁት ይሆናል። አላወጣሁትም።

እናቴ ከወንበሯ ሆና ስታየኝ ቆየችና፥ «ይህ ነገር መቼ ነው የሚያልቀው?» አለችኝ።

«አንቺም እኔም ሳናየው ይቀራል መሰለኝ እማዬ» አልኋት።

ጥቂት አሰበች። «ግዴለም» አለች፤ «እየታከመም ቢሆን ያስቀምጣል።»

ወንበሯን ብስባሽ ካልነካው ወገን አንሥቼ ወደዚያ ጥግ አዛወርሁላት። ፀሐዩ እዚያ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፤ ጋቢዋን ትከሻዋ ላይ አደረግሁላትና ወደ ፌሮዬ ተመለስሁ።