ቀለም የሸፈነው ስንጥቅ

ሻጭ የሆነ ሰው የዕቃውን ጉድለት ገዢው ሳይጠይቀው ይናገር ዘንድ ግዴታ አለበትን? ይህ ጥያቄ የመጣብኝ ሆሳዕና ከቤቴ ጓሮ አንድ አሮጌ ሞተር ብስክሌት ፈታትቼ ሳድስ ነው።

ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች አየሯ ስስ ነው። ስለዚህ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላውም ጥቀርሻ ይለብሳል። ካንዴላ አይዋሽም፤ ሰው ነቅሎ ቢመለከተው የሞተሩን ጠባይ በመልኩ ይነግረዋል። የመሥሪያ ቤት ሪፖርት ሁሉ እንዲህ ቢሆን ምንኛ በወደድሁ!

ሻንሲ ግን እንዲህ አይናገርም። ከመሪው አንገት ሥር ያለውን ቀለም ስፍቀው በስቱኮ የተደፈነ ስንጥቅ አገኘሁ። የሸጠልኝ ሰው አልዋሸኝም፤ ዝም አለ እንጂ። እኔም አልጠየቅሁትም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭን ለዕቃው ጉድለት ኃላፊ ያደርገዋል። ይሁን እንጂ ሕጉ የሚደርስልን ስንጥቁ ከታወቀ በኋላ ነው። ደግሞስ ከዶዮገና ወደ ዱራሜ ሲኬድ ከነጂው ኋላ የሚፈናጠጠው መንገደኛ ምን ተዋውሏል? እርሱ አልገዛም፤ አልሸጠም፤ ይጠይቅ ዘንድም ዕድል አላገኘም። የሻጩ ዝምታ በሁለት ሰዎች መካከል የሚቀር መስሎኝ ነበር፤ ሦስተኛውን ሰው ያሰብሁት ያን ጊዜ ነው።

ስንጥቁን አስበየድሁት። ብየዳውን ግን ቀለም አልቀባሁትም፤ እንዳይዝግ ቅባት ብቻ አለበስሁት። ሊገዛ የመጣው ሰው ጣቱን በብየዳው ላይ አሳልፎ ከጠየቅሁት ዋጋ አጋማሹን ጠራ፤ ብስክሌቱም እስካሁን ከጓሮዬ ቆሟል።