ያልዞረው ፈረቃ

ያን ሰሞን መብራት ያልጠፋብኝ ሰው ነኝ። ለምን እንደማፍርበት አሁንም በደንብ አልገባኝም።

የካቲት 2013 ዓ.ም.፣ ዳላስ። ለሰኞ አጥቢያ ሌሊት በረዶው የጋዝ መስመሮችንና ማመንጫዎችን ያዛቸው፤ ቴክሳስ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ደግሞ ማሞቂያ ከፍቷል። የመስመሩ ፍሪኩዌንሲ ከ60 ኸርዝ ወርዶ ከ59.4 በታች ገባ። እዚያው 9 ደቂቃ ቢቆይ ማመንጫዎቹ ራሳቸውን ለማዳን እየተቋረጡ ይወጡ ነበር። 4 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ሲቀረው ተመለሰ። የመለሰው ምን መሰላችሁ? የሰው ቤት መብራት ማጥፋት፤ እስከ 20,000 ሜጋዋት ድረስ።

ዕቅዱ ፈረቃ ነበር። ፈረቃ ለእኛ አዲስ አይደለም። በ2011 የጊቤ ሦስት ውኃ ሲቀንስ፣ አዲስ አበባ፣ የኛ ሰፈር ሲጠፋ ላፕቶፔን ይዤ ጓደኛዬ ጋ እሄዳለሁ፤ በማግስቱ እሱ እኔ ጋ ይመጣል። እናማርራለን፣ ግን ማንም ማንንም አያፍርም። ተራ ነዋ!

ቴክሳስ ላይ ተራው አልዞረም። ሆስፒታል ያለበት መስመር አይነካም፤ ሌላው ከጠፋ በኋላ ደግሞ የሚቀያየር መስመር አልተረፈም ማለት ይቻላል። (አንዳንድ የጋዝ ተቋማት «አታጥፉብን» የሚለውን ቅጽ ስላልሞሉ እነሱም ጠፋባቸው፤ ጋዙ ቀነሰ፣ ማመንጫው ባሰበት። እንዲህ ዓይነት ባግ ሥራዬ ላይ አውቃለሁ። በዚህኛው ግን ሰው ሞተ፤ የግዛቱ መንግሥት የቆጠረው 246 ነው።)

የእኔ ሕንፃ ከሆስፒታል ጋር አንድ መስመር ላይ ነው። ከመኪና ማቆሚያው ማዶ ያለው ሕንፃ አይደለም። እዚያ አንዲት የሀገሬ ልጅ፣ ትልቅ ሴት፣ ከልጅ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ሰላምታ ብቻ ነበር የምንለዋወጠው።

ደንቡን እኔ ብጽፈውም ያው ነበር የምጽፈው። ሆስፒታል ይቅደም። ማንም አልበደላቸውም፣ እኔም አልሰረቅኳቸውም። ታዲያ የመጀመሪያዋን ማታ መጋረጃዬን ለምን ዘጋሁ? ብርድ እንዳይገባ አልነበረም። መብራቴ እንዳይታይ ነው።

በማግስቱ ሲመሽ ሄድኩ። ጋቢ ለብሰው በሩን ከፈቱልኝ። በረንዳ ላይ የነበረውን የከሰል ምድጃ ሳሎን መሃል አስገብተውታል፤ ክብሪቱ እጃቸው ላይ ነው።

«ኧረ እማማ! በሩ በተዘጋ ቤት?»

«ልጁ በረደው» አሉኝ።

ጭሱ ቢያልቅም የከሰሉ መርዝ እንደማይሸት፣ እንደማይታይ እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። ክብሪቱን ኪሳቸው ከተቱት። አንድ ሰዓት ዘግይቼ ቢሆንስ? ያኔም ደንቡ ትክክል ነበር፤ እኔም አልሰረቅኩም። ይህ ክርክር እዚህ ላይ አልሠራልኝም። የመስመሩ ተቆጣጣሪ ማዶ ያሉትን ሴትዮ ሊያያቸው አይችልም። እኔ ከመስኮቴ አያቸዋለሁ።

ልጁን አቅፌ ወደ ቤቴ ወሰድኳቸው። ሻይ ጠጥተው፣ ስልካቸውን ቻርጅ ላይ ሰክተው፣ ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩት።

«የእናንተስ ተራ መቼ ነው፣ ልጄ?»

«የእኛ አይጠፋም።»

ዝም አሉ። ቀጥለው ተነሡና የኮሪደሩን አምፖል አጠፉት። ኢንጂነር ነኝ፤ አንድ አምፖል ለማዶው ሕንፃ ምንም እንደማይፈይድ አውቃለሁ። ኩሽና ገብቼ የእሱንም አጠፋሁ።