ጊዜያዊው ቤቱ ነው ወይስ ሰውየው?

እኛ የኮሎምበስ ነዋሪዎች በሐምሌና በነሐሴ ከገበያ የምንገዛው ቲማቲም፣ ኪያርና ጎመን ከፊሉ የሚበቅለው በዚሁ በኦሃዮ ሰሜናዊ ክፍል ነው። በሂውረን ካውንቲ፣ ከዊላርድ ከተማ አጠገብ፣ ሰለሪቪል የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ረግረግ የነበረው መሬቷ ውኃው ተጠንፍፎ ጥቁርና ለም አፈር በመሆኑ በአትክልት የታወቀች ናት። ይህን አትክልት ጎንበስ ብሎ የሚለቅመው ሰው ግን በአብዛኛው የአገሬው ተወላጅ አይደለም። ከቴክሳስ፣ ከፍሎሪዳና ከሜክሲኮ በረዶው ሲቀልጥ ይመጣል፤ ውርጩ ሲጀምር ይመለሳል። እንግዲህ ይህ ሰው ሌሊቱን የት ይደር?

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ሕግን፣ ገንዘብንና ሕሊናን በአንድነት የሚነካ ነው። የኦሃዮ ሕግ በመሠረቱ ለገበሬው ያደላል። ታውንሺፕ የሚባለው የገጠር አስተዳደር ዞኒንግ በሚባለው የቦታ አጠቃቀም ደንብ እርሻንና ለእርሻ ሥራ የሚቆም ሕንፃን፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ መከልከል አይችልም። ስለዚህ ጎተራውም ጋጣውም ያለ ብዙ ሙግት ይቆማል። የሠራተኛው ማደሪያ ግን ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ቤተሰቦችን፣ አለዚያም አምስትና ከዚያ በላይ ሰዎችን በጊዜያዊነት የሚያኖር ከሆነ፣ የእርሻ ሠራተኞች ሠፈር ተብሎ በየዓመቱ ከስቴቱ መንግሥት ፈቃድ ይወጣለታል። ቤቱ የእርሻ ሕንፃ ነው ወይስ መኖሪያ የሚለውም ክርክር አለ። ላሟ ሳትጠየቅ በምትገባበት መሬት ሰው ሲገባ ይጠየቃል ማለት ነው።

ይህን የሰማ ሰው ወዲያው ቢያዝን አይፈረድበትም። ዳሩ ግን ፈቃድ ሁሉ ውርደት አይደለም። የፌዴራሉ መንግሥት ደንብ ለአንድ ሰው የመኝታ ቦታ ከ50 ካሬ ጫማ እንዳያንስ፣ ለ10 ሰው አንድ የገላ መታጠቢያ፣ ለ15 ሰው አንድ መጸዳጃ እንዲኖር፣ ማደሪያውም ከብት ከሚታጎርበት ቦታ ቢያንስ 500 ጫማ እንዲርቅ ያዛል። ሃምሳ ካሬ ጫማ ማለት አንድ አልጋና ሁለት ሻንጣ ከተቀመጡ በኋላ መተላለፊያ የምታህል ቦታ የምትተርፍበት ነው። በስደት መንገድ ከዚህ ባነሰ ስፍራ ያደርን ብዙዎች ነንና ልኩን ለማወቅ መለኪያ አያስፈልገንም። ቢሆንም ልክ መኖሩ ራሱ ሰውየው ሰው መሆኑን የሚመሰክር ነገር ነው።

ልክ በሌለበት ምን እንደሚሆን ከአገራችን የበለጠ ምስክር መፈለግ አይገባም። በሰቲት ሑመራና በመተማ የሰሊጥ እርሻ ለብዙ ዘመን ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከትግራይና ከሌላውም ቦታ የሚጎርፈው የቀን ሠራተኛ ፈቃድ የሚጠይቅለትም የሚከለክለውም አልነበረውም፤ ብዙው በሜዳ ላይ፣ ወይም በግራር ጥላ ሥር ያድር ነበር። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ደግሞ የምትራባው በዚያው በተሰነጣጠቀው ዋልካ አፈርና በግራሩ ሥር ነው። ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሽታው ወቅታዊ ሠራተኞችን ሲፈጅ ኖሯል። በ2005 (እ.ኤ.አ.) በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረርሽኙ ሲታወቅ፣ ከቆላው እርሻ የተመለሱ ሠራተኞች ይዘውት ሳይመጡ እንዳልቀሩ አጥኚዎች ገምተዋል።

መንገደኛ ሲመሽበት ከደጅ ቆሞ «ቤት ለእንግዳ» ሲል «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ተብሎ የሚገባባት አገር ናት ይህች። ታዲያ ለአንድ ሌሊት እንግዳ መደቡን የሚለቅ ሕዝብ ከሚኖርበት አገር፣ ሰሊጡን የሚያጭደው ሰው ስለ ምን በሜዳ ቀረ? እኔ እንደሚመስለኝ እንግዳ ስላልተባለ ነው። እንግዳ የምንለው የእኛን ቸርነት የሚሻውን ነው፤ ሠራተኛው ግን የሚሻው ቸርነት ሳይሆን ድርሻውን ነው። ኦሪት ዘዳግም ስለ ምንደኛ ደመወዝ ሲያዝ ወገንና መጻተኛን አለመለየቱ ከዚህ የተነሣ ይመስላል። ማደሪያውም የደመወዙ ክፍል እንጂ ምጽዋት አይደለም። በ1986 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የአሜሪካ ሕግ የመሠረተው ኤች ቱ ኤ የተባለው ቪዛ፣ ከውጭ አገር ወቅታዊ ሠራተኛ የሚያስመጣ ገበሬ ማደሪያውን ያለ ኪራይ እንዲሰጥ የሚያስገድደው በዚሁ መንፈስ ነው። ቤት ካልተፈቀደ ሠራተኛም አይመጣም።

ወደ ፈቃዱ እንመለስ። ፈቃድ ሲጠየቅ ሁለት ልዩ ልዩ ጥያቄዎች በአንድ ልብስ ተሸፍነው ይቀርባሉ። አንዱ «ይህ ቤት ለሰው ይበቃል ወይ?» የሚል ነው። ሁለተኛው «እነዚህ ሰዎች በአጠገባችን ይኑሩ ወይ?» የሚል ሲሆን፣ በአደባባይ የሚናገረው በመጀመሪያው አፍ ነው፤ ስለ ጉድጓድ ውኃ፣ ስለ ፍሳሽ፣ ስለ መንገድ መጣበብ። ጎረቤት ሁሉ ክፉ ነው ማለት አይደለም። የገጠር ጉድጓድ በእውነት ይበከላል። መለያው ግን አለ፤ የፍሳሹ ጉድጓድ ቢሰፋ ተቃውሞው ያበቃልን? ለቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ለማስፈቀድ በእንዲህ ያለ ስብሰባ የተቀመጠ ምእመን፣ ስለ መኪና ማቆሚያ የሚነሣው ነገር መቼ ስለ መኪና እንደ ሆነ መቼም እንዳልሆነ ለይቶ የሚሰማ ጆሮ አለው።

ነገሩን ከሁሉ የሚያጨልመው «ጊዜያዊ» የሚለው ቃል ነው። ሥራው በየዓመቱ የሚመለስ ነው፤ ሠራተኛውም ብዙ ጊዜ ወደዚያው እርሻ ይመለሳል፣ አንዳንዱም ልጆቹን አስከትሎ። ጊዜያዊ ሊሆን የሚገባው የቤቱ ዕድሜ ሆኖ ሳለ፣ ቃሉ ቀስ ብሎ ከግድግዳው ወደ ሰውየው ይተላለፋል። ሰውየው ጊዜያዊ ከተባለ ደግሞ ጣሪያው ቢያፈስ «ለጥቂት ወር ነው» ይባላል። ሻንጣችንን ሳንፈታ «የዛሬ ዓመት እንገባለን» እያልን ሃያ ዓመት የኖርን ሰዎች ይህ ቃል ምን ያህል እንደሚለጠጥ እናውቃለን።

በአንጻሩ ገበሬውን ብቻ መክሰስ ፍርድ አይሆንም። ደንቡ ሲጠብቅ ወጪው ይጨምራል፤ ወጪው ሲከብደው አትክልቱን ትቶ በመኪና የሚታጨድ በቆሎና አኩሪ አተር ይዘራል፣ ሠራተኛውም እንጀራውን ያጣል። ባልዴማር ቬላስኬዝ በ1967 (እ.ኤ.አ.) በዚሁ በኦሃዮ የመሠረተው የእርሻ ሠራተኞች ማኅበር ይህን ቀድሞ ተረድቶት ነበር። በ1978 ቲማቲም ለቃሚዎቹ ሥራ ሲያቆሙ ጣታቸውን የቀሰሩት በገበሬው ላይ ብቻ ሳይሆን ዋጋውን በሚወስነው በካምቤል የሾርባ ኩባንያ ላይም ነበር። በ1986 የተፈረመውም ውል ሠራተኛውን፣ ገበሬውንና ኩባንያውን ሦስቱንም የያዘ ነበር። በውሉ ላይ ያልፈረመ አራተኛ ቢኖር ቲማቲሙን በርካሽ የሚሻው ገዢ ነው።

ከእኛም መካከል ዛሬ ብዙዎች ተከራይ መሆናቸው ቀርቶ፣ ትናንት የበቆሎ እርሻ በነበረው የኮሎምበስ ዳርቻ ቤት ገዝተዋል። የዞኒንግ ጉባኤ በሚጠራበት ጊዜ ደብዳቤው ለአዋሳኝ ባለ ይዞታዎች ይላካል፤ ቀኑና አዳራሹ ተጽፎበታል፣ አስተያየት ያለው ቀርቦ እንዲናገር ይጋብዛል። ሠራተኛው ግን በዚያ ዕለት ምናልባት ገና ከቴክሳስ አልተነሣም።