መቀበል የከበደኝ ክረምት

ባለፈው ክረምት፣ በነሐሴ ወር፣ ከቡታጅራ ከተማ ወጣ ብሎ በዘቢዳር ተራራ ግርጌ በሚገኘው የአጎቴ እርሻ ሦስት ሳምንት አሳለፍኩ። በደረስኩበት ምሽት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ቆይቶ ድንገት ቀጥ አለ። እኔ መደብ ላይ ተኝቻለሁ። ከግድግዳው ወዲያ አጎቴና አክስቴ በጉራጌኛ በዝግታ ያወራሉ። አዲስ አበባ ያደገች ልጅ ቋንቋውን አትሰማም ብለው ሳይሆን አይቀርም። መናገር ባልችልም እሰማለሁ።

ነገ ዶሮ ሊያርዱልኝ ነው። አጎቴ "የቷን?" አለ። "ቀይዋን" አለች አክስቴ። ትንሽ ዝም ብሎ፣ "የልጁ ደብተርስ?" ሲል ጠየቃት። "እግዚአብሔር ያውቃል" አለችው። ከዚያ በኋላ ድምፅ አልተሰማም።

ቀይዋ ዶሮ በዚያ ቤት እንቁላል የምትጥል ብቸኛ ዶሮ ነበረች። እንቁላሉ እየተጠራቀመ በገበያ ቀን ቡታጅራ ይሸጣል። በመስከረም 8ኛ ክፍል የሚገባው የአጎቴ ልጅ ደብተርና እስክሪብቶ የሚገዛለት በዚያ ገንዘብ ነው። እንቅልፍ አልወሰደኝም። የአንድን ልጅ ደብተር እንዴት በእንጀራ እበላለሁ?

ጠዋት ተነሥቼ፣ "እትዬ፣ እኔ እኮ ዶሮ አይስማማኝም፤ ሐኪም ከልክሎኛል" አልኳት። ዋሸሁ። "እንዲያ ነው?" አለችና ወደ ማጀት ገባች። ዶሮዋ ተረፈች። እኔም በልቤ፣ "ጌታ ሆይ፣ ራሴን መካድ ስላስቻልከኝ አመሰግንሃለሁ" ብዬ ጸለይኩ።

ማታ ቆጮና ጎመን ቀረበ። ትናንት ማታ አክስቴ በየጉርሻው "በሞቴ፣ ይቺን ብቻ" እያለች ስታስጨንቀኝ ነበር። ዛሬ ግን አንዴም "ብዪ" አላለችኝም። ምግቡን አስቀምጣ ራቅ ብላ ተቀመጠች። መልካም ነገር ያደረግሁ መስሎኝ ሳለ የሆነ ነገር እንደሰበርኩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ወገኖች፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳሰላስለው የቆየሁት ጥያቄ ይህ ነው፤ ድሀ የሆነ ወዳጅ ከጉድለቱ ቆርሶ ሲሰጠን፣ ፍቅር የቱ ነው? መቀበል ወይስ እምቢ ማለት?

እኛ ከተማ ያለን ልጆች ለዚህ ጥያቄ ብዙም አልተዘጋጀንም። የለመድነው መስጠትን ነው። ከጉራጌ ምድር ወጥተው ከተማ የገቡ አባቶቻችን በ1950ዎቹ ገንዘብ አዋጥተው ለአገራቸው መንገድ የሚያሠራ ድርጅት እስከ ማቋቋም ደርሰዋል። ዛሬም ለመስቀል ወደ አገር ቤት የሚገባ ሰው እጁን ሞልቶ ነው የሚገባው። ተማሪ ግን የሚሄደው በክረምት ነው፤ ያውም ባዶ እጁን። ክረምት ደግሞ ለገበሬ ጭንቅ ወቅት ነው። ያለፈው ዓመት እህል ተሟጧል፣ አዲሱ ገና ማሳ ላይ ነው። በመስቀል ከሚቀርብልን ክትፎ ይልቅ በነሐሴ የምትቀርብልን አንዲት እንቁላል ትከብድ ይሆናል።

እኔ ያን ዕለት ትክክል ነኝ ያልኩት ዳዊትን አስቤ ነው። በ2ኛ ሳሙኤል 23 እንደምናነበው፣ ዳዊት በዓዶላም ዋሻ ሳለ የቤተ ልሔምን ጉድጓድ ውኃ ተመኘ። ሦስት ኃያላን የፍልስጥኤማውያንን ሰፈር ሰንጥቀው አመጡለት። እርሱ ግን ሊጠጣው አልወደደም፤ የሰዎቹ ሕይወት የተከፈለበት ነውና ለእግዚአብሔር አፈሰሰው። እኔም እንደ ዳዊት በሌላው መሥዋዕት መጥገብን እምቢ ያልኩ መሰለኝ።

ደግሜ ሳነበው ግን ልዩነቱ አሳፈረኝ። ዳዊት ውኃውን አልመለሰውም፤ አልናቀውምም። በእጁ ተቀብሎ፣ ዋጋውን በሰዎቹ ፊት በግልጽ ተናግሮ፣ ለእርሱ እንደማይገባና ለእግዚአብሔር ብቻ እንደሚገባ ቈጠረው። ሦስቱ ሰዎች ከዚያ የወጡት ከብረው ነው። አክስቴ ከእኔ ዘንድ የተመለሰችው ግን አንሳ ነው። የሰጠችኝን ከፍ አላደረግሁም፤ በውሸት መለስኩባት። እንግዳ ተቀባይ የነበረችውን ሴት በአንድ ቃል የምትታዘንላት ድሀ አደረግኋት።

ሌላም ታሪክ አለ። በ1ኛ ነገሥት 17 ነቢዩ ኤልያስ ወደ ሰራፕታ ሄዶ ከአንዲት መበለት እንጀራ ለመነ። በቤቷ የቀረው እፍኝ ዱቄትና ጥቂት ዘይት ብቻ እንደሆነ፣ እርሱንም ከልጇ ጋር በልታ ሞትን እንደምትጠብቅ ነገረችው። እርሱ ይህን ሰምቶ እንኳ ልመናውን አልተወም፤ አስቀድመሽ ለእኔ አድርጊ አላት። ይህ ለእኔ አስቸጋሪ ክፍል ነው። የልጅ ደብተር አይደለም፣ የልጅ የመጨረሻ ጉርሻ ነው የጠየቀው።

ይህን ክፍል ይዘው ከድሀ የሚዘርፉ ሰዎች እንዳሉም እናውቃለን። ጌታችን ግን አፋቸውን የሚዘጋበት ቦታ አለው። በማርቆስ 12 መጨረሻ ሁለቱን ሳንቲም የጣለችውን መበለት ከማመስገኑ ልክ በፊት፣ የመበለቶችን ቤት የሚበሉትን ጻፎች ገሥጿል። ሁለቱ ጎን ለጎን መቀመጣቸው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። የመበለቷን ስጦታ የሚያከብር ጌታ፣ ስጦታዋን ጉሮሮው ውስጥ የሚከትተውን ሰው ይጠላል።

እንግዲህ መብላትና መቀበል አንድ አይደሉም። የሚበላው ሰው ከሳህኑ በስተጀርባ ያለውን አያይም። የሚቀበል ሰው ግን ዋጋውን ያውቃል፤ ካወቀም በኋላ ከሰጪው ጋር ይቆያል። ኤልያስ የመበለቷን እንጀራ በልቶ መንገዱን አልቀጠለም። በዚያው ቤት ኖረ፤ ልጇ በሞተ ጊዜም ሬሳውን ታቅፎ ወደ እግዚአብሔር የጮኸው እርሱ ነው። በእንጀራዋ የተካፈለ በሐዘኗም ተካፈለ።

በአራተኛው ቀን አክስቴ ከጓሮ ቆጮ ልታወጣ ስትሄድ ተከተልኳት። እንሰት ለምግብ እስኪደርስ እንደ ቦታው ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል። ከተፋቀ በኋላም በእንሰት ቅጠል በተሸፈነ ጉድጓድ ውስጥ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይብላላል። ልጁ 1ኛ ክፍል ሲገባ የተተከለ እንሰት ነው እንግዲህ ዛሬ የምንበላው። ይህን ሳስብ፣ ዶሮዋን እምቢ ብዬ በየቀኑ ቆጮውን መብላቴ ራሱ አሳቀኝ። ዋጋው ስላልታየኝ ብቻ ነበር ያለ ጭንቀት የዋጥኩት።

ቆጮውን ጨምቀን ስንከታትፍ፣ "እትዬ፣ ዋሽቼሻለሁ" አልኳት። የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳት። ቢላዋውን አስቀመጠች። ትቆጣለች ብዬ ነበር። "ዶሮዋ የማን ናት?" አለችኝ። "ያንቺ" አልኳት። "እንግዲያው ለማን እንደምትታረድ እኔ ነኝ የማውቀው። የወንድማችን ልጅ ስንት ዓመት ቆይታ ቤታችን መጥታ ጎመን በልታ ሄደች ይባልልኝ?" ዝም አልኩ። ቆየት ብላ፣ "ደብተሩ ካሳሰበሽ ልጁ ሒሳብ ይከብደዋል። አስጠኚው" አለችኝ።

በማግሥቱ አጎቴ ቀይዋን ዶሮ አረደ። አክስቴ ወጡን ሠርታ አቀረበች፤ አጎቴ ጸለየ፤ እኔም በላሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የመጀመሪያዋ ጉርሻ ጉሮሮዬ ላይ ቆማ ነበር። አክስቴ ግን "በሞቴ" ማለት ጀምራለች። ከዚያ በኋላ በቀረኝ ጊዜ ጠዋት ጠዋት ከአጎቴ ጋር የበርበሬ ማሳ አርማለሁ፤ ማታ ማታ ከልጁ ጋር ክፍልፋይ እንሠራለን።

አንዳችሁ፣ "ይኸማ ክፍያ ነው፤ የዶሮዋን ዋጋ በትምህርት ከፈልሽ" ትሉኝ ይሆናል። እኔም አስቤበታለሁ። ክፍያ ሒሳብ ይዘጋል፤ ከፍሎ የጨረሰ ሰው ዳግመኛ ባይመጣም ግድ የለውም። እኔ ግን ሒሳቡ አልተዘጋልኝም። ያ ልጅ ፈተናውን እንዴት እንዳደረገ እስከ ዛሬ ስልክ እየደወልኩ እጠይቃለሁ። መጀመሪያ ላይ እምቢ ስል ያሰብኩት ከዚህ ነጻ ለመሆን ነበር ብዬ እፈራለሁ። የማንም ባለዕዳ ላለመሆን የሚደረግ ቸርነት ትሕትና ይመስላል፤ ውስጡ ግን ትዕቢት ሊሆን ይችላል።

ጴጥሮስም በዮሐንስ 13 ጌታ እግሩን ሊያጥብ ሲመጣ እምቢ ያለው ጌታን አክብሮ ነው። የተሰጠው መልስ ግን ከባድ ነበር፤ ካልታጠበ ከጌታ ጋር ዕድል የለውም። ጌታችን ራሱ ደግሞ መቀበልን አልናቀም። በሉቃስ 8 መጀመሪያ ላይ፣ ከገንዘባቸው የሚያገለግሉት ሴቶች አብረውት ይሄዱ እንደነበር ተጽፏል። በጸጋ ድነናል ብለን በየሳምንቱ የምንዘምር ወጣቶች ነን። አንዲት ዶሮ በነጻ መቀበል ያቃተው ሰው፣ ልጁን ስለሰጠው አባት የሚዘምረውን ምን ያህል ገብቶታል?

ሁሉ ስጦታ ይቀበላል ማለቴ አይደለም። አንድ ሰው ከእፍረት ወይም ከፍርሃት ሲሰጥ፣ የሚሰጠውም በእውነት ሕፃን የሚያስርብ ሲሆን፣ እንደ ዳዊት በግልጽና በክብር መመለስ ይኖርብን ይሆናል። ነገር ግን በውሸት አይሁን፤ ሰጪውንም አያሳንስ።

በመጪው ክረምት ወደ ዘመዶቻችሁ የምትሄዱ፣ ዓይናችሁን ከፍታችሁ ተቀመጡ። የቀረበላችሁ ከየት እንደመጣ ጠይቁ፤ ከዚያ ብሉ፤ ከዚያ ተነሡና ሥራ ያዙ።

የመመለሻዬ ቀን አጎቴ ቡታጅራ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝ። ሚኒባሱ ሊነሣ ሲል በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ በመስኮት ሰጠኝ። "ተው ጋሼ፣ ለእናንተ ይሁን" የሚለው ቃል ከአፌ ሊወጣ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። "እግዜር ይስጥልኝ" ብዬ በሁለት እጄ ተቀበልኩና እስከ አዲስ አበባ ድረስ ጭኔ ላይ ይዤው ሄድኩ። ከባድ ነበር።