ለሆዳችሁ ሰዓት ስጡት

ልጆቼ፣ የሀዋሳ ወጣት ዛሬ አንድ የጋራ አቤቱታ አለው፤ «ጨጓራዬን!» ይላል። ቡና ጠጥቶ ቃር ሲነሳበት ጨጓራ ነው፣ ሆዱ ሲነፋ ጨጓራ ነው፣ ሦስት ቀን ሽንት ቤት ሳይሄድ ቀርቶ ሲጨንቀውም ጨጓራ ነው። ከዚያ መድኃኒት ቤት ጎራ ብሎ ክኒን ይገዛል፣ ለጊዜው ይሻለዋል፣ በሳምንቱ እንደገና ያው ነው። ዕድሜዬ ገፍቷል፤ የራሴንም የልጆቼንም የልጅ ልጆቼንም ሆድ ሳስታምም ኖሬያለሁና የማውቀውን ልንገራችሁ። ሆድ የሚፈልገው ውድ ምግብ ሳይሆን ሥርዓት ነው፤ የሚበላበት የታወቀ ሰዓት፣ ተረጋግቶ የሚታኘክበት ጊዜ፣ ሥራውን የሚጨርስበት ፋታ።

ከቁርስ እንጀምር። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከተማችን ውስጥ በፈረቃ የሚሠራ ወጣት በዝቷል። ጎህ ሲቀድ ሰርቪስ ለመያዝ የምትሮጥ ልጅ ቁርሷን ትዘላለች፤ ባጃጅ ነጂው ረፋዱን በባዶ ሆዱ ሁለት ስኒ ቡና ይደግማል። ጨጓራ ግን ምግብ ባይመጣም አሲድ ማመንጨቱን አይተውም፤ ቡና ደግሞ ያብስበታል። ሲዳማ ምድር ላይ ተቀምጬ ቡና አትጠጡ ብል ማን ይሰማኛል? ጠጡ፤ ብቻ ቂጣም ቢሆን፣ ቆሎም ቢሆን፣ በሶም ቢሆን ይቅደም። ፈረቃችሁ ሌሊት ከሆነም የራሳችሁን የቁርስና የምሳ ሰዓት ወስኑና በዚያው ጽኑ። ጾመኞችም ብትሆኑ ጾሙን ስትፈቱ ሁሉን ባንዴ አታጉሩት፤ በውሃ፣ በቴምር ወይም በአጥሚት ጀምሩና ጥቂት ቆይታችሁ ዋናውን ምግብ ብሉ።

ስትበሉ ተቀመጡ፣ ስልካችሁንም አስቀምጡት። እንጀራውም ሆነ ከእንሰት የሚሠራው ዋሳ መፈጨት የሚጀምረው አፍ ውስጥ፣ በምራቅ ነው። የጥጋብ ስሜት እስኪመጣ ደግሞ 20 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ምሳውን በአምስት ደቂቃ የሚጨርስ ሰው መጥገቡን የሚያውቀው ከልክ ካለፈ በኋላ ነው። እራታችሁን ከመኝታ ሁለት ሦስት ሰዓት አስቀድሙ። ሆዱ እንደሞላ የተጋደመ ሰው አሲዱ ወደ ጉሮሮው ቢመለስበት አይግረመው። ሌሊት ቃር የሚያስቸግራችሁ አልጋችሁን በራስጌ በኩል ከፍ አድርጉ፣ በግራ ጎናችሁም ተኙ። ከእራት በኋላ ፍቅር ሐይቅ ዳር ዘና ብሎ መራመድ ገንዘብ አያስወጣም፤ የሆድ ድርቀትንም መነፋትንም ያቀላል።

ምግቡን በተመለከተ የአያቶቻችሁን ማዕድ አትናቁ። የሲዳማ እናት ዋሳውን ጉድጓድ ውስጥ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ታብላላዋለች። ከዚያ ጨምቃ፣ ቃጫው እስኪደቅ በቢላ ደጋግማ ከትፋ ታበስለዋለች፤ በቅቤ ለውሳም ቡርሳሜ አድርጋ ከወተት ጋር ሻፌታ በሚባለው የሸክላ ዕቃ ታቀርበዋለች። የሲዳማ ዘመን መለወጫ የፍቼ ጨምበላላ ገበታ ይኸው ነው። የጤፍ ሊጥም በእርሾ ሁለት ሦስት ቀን ይቦካል። መቡካት እህሉን ለሆድ ያቀለዋል፤ ብረትን አስሮ ከሰውነት የሚያስቀረውን ፋይቴትንም ይቀንሳል። ዋሳ ግን ኃይል ይሰጣል እንጂ ፕሮቲኑ አነስተኛ ነው፤ ስለዚህ ቦሎቄና ጎመን አይለዩት። ቦሎቄ ሆዱን የሚነፋው ሰው ሌሊቱን ይዘፍዝፈውና ውሃውን ደፍቶ በአዲስ ውሃ ይቀቅለው።

የዓለም ጤና ድርጅት አትክልትና ፍራፍሬ በቀን ቢያንስ 400 ግራም እንድንበላ ይመክራል። ፓፓያና አቮካዶ በየጉሊቱ በተደረደረበት ከተማ ይህ አያቅትም፤ ስኳር ከበዛበት ስፕሪስ ይልቅ ፍሬውን ራሱን ብሉት። ለድርቀት ተልባ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አሰር ያለው ምግብ ሁሉ ቀስ በቀስ ይጨመር፣ ውሃም በደንብ ይጠጣበት፤ አለዚያ እሱ ራሱ ይነፋል።

አሁን ወደ ዓሣ ገበያው፣ ወደ አሞራ ገደል ልውሰዳችሁ። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲገቡ ልጆቹ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ቆዳ ገፈው ነጩን ሥጋ ይዘነጥሉና ከዳጣ ጋር ያቀርቡታል፤ አባ ኮዳ የሚባለው ወፍም አጠገባችሁ ቆሞ የዓሣው አንጀት እስኪጣልለት ይጠብቃል። ደስ የሚል ቦታ ነው፤ ጥሬውን ግን ተዉት። በሐይቃችን ዓሣ ውስጥ ጥገኛ ትሎች እንዳሉ በጥናት ታውቋል፤ ዳጣ ደግሞ ምላስን እንጂ ትልን አያቃጥልም። የተጠበሰውና ሾርባው አለላችሁ። ቁርጥም እንዲሁ ነው፤ የኮሶ ትል የሚይዘን ከጥሬ ሥጋ ነው። አባቶቻችን ቁርጥ እየበሉ በየጊዜው መራራውን የኮሶ አበባ ይጠጡ ነበር፤ እናንተ በእሳት የምታስቀሩትን በሽታ በመድኃኒት አታባርሩ።

ስለ ጫት ዝም ብዬ ባልፍ ምክሬ ጎዶሎ ይሆናል። ጫት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ ጨጓራ የያዘውን ቶሎ እንዳያወርድ ያደርጋል፣ በውስጡ ያለው ታኒንም ሆድ ያደርቃል። ከሰዓቱን ሙሉ ምርቃና፣ ሲመሽ የጨብሲ መጠጥ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ቅባት የበዛበት ጥብስ፤ ይህን የትኛው ሆድ ይችለዋል? ብትተዉት ደስታዬ ነው። መተው ያቃተው ግን ምሳውን በደንብ ይብላ፣ ውሃ ያብዛ፣ ጨብሲውም ይቅርበት።

ጨጓራን የሚያቆስለው በርበሬ የሚመስላችሁ አላችሁ። በርበሬና ሚጥሚጣ የቆሰለውን ያቃጥላሉ እንጂ አብዛኛው ቁስል የሚመጣው ኤች ፓይሎሪ ከተባለው ባክቴሪያና እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ካሉ ማስታገሻዎች ነው። አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው ሲቆጣ አሳይቷል፤ ከባልደረባው ከሮቢን ዋረን ጋርም በ2005 ኖቤል ተሸልመዋል። ስለዚህ ከመገመት መመርመር ይሻላል። የአሲድ መቀነሻውን ኦሜፕራዞል እየዋጣችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ ለሐኪሙ ንገሩት፤ ውጤቱን ሊያሳስት ይችላል። ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ነው፤ ሻል አለኝ ብላችሁ በአራተኛው ቀን ብታቋርጡት ባክቴሪያው መድኃኒቱን ይለማመደዋል። ወተትም ቢሆን ለጊዜው ያበርዳል እንጂ አሲዱን መልሶ ያስነሳል። ባክቴሪያው በአፍና በቆሻሻ ስለሚተላለፍ ከመጉረስም ከማጉረስም በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ሰገራችሁ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ደም ካስታወካችሁ፣ ምግብ አልወርድ ካላችሁ፣ ያለ ምክንያት ከከሳችሁ ወይም ሕመሙ ሳምንታት ከቆየ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት እያላችሁ ቀን አትግፉ። የጠቆረ ሰገራና ደም ማስታወክ ለነገ አይባልም፤ በቀጥታ ወደ አዳሬ ወይም ወደ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ሂዱ። ለሌላው ከቅርባችሁ ጤና ጣቢያ ጀምሩ።

ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ፈጽሙ አልላችሁም። በዚህ ሳምንት ቁርስን ከቡና አስቀድሙ፤ እሱ ሲለመድ እራትን ከመኝታ አርቁ፤ ከዚያ ጥሬውን ተዉ።