ለማናየው ዛፍ ዕዳ አለብን?

በቤተ ክርስቲያን ዕጣን ሲታጠን መዓዛው ደስ ይለናል እንጂ ከየት እንደ መጣ አንጠይቅም። ከሚለቀምባቸው አገሮች አንዱ የመተማ ቆላ ነው።

የዕጣን ዛፍ ክረምት ሲወጣ ቅጠሉን ያረግፍና በባዶ ቅርንጫፉ ላይ ያብባል። በዚያው በጋ ሰው ልጡን እየበጣ ሙጫውን ይለቅማል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የኤርትራ ጥናት እንደሚለው፥ ካልተበጡ ዛፎች ዘር ከ80 በመቶ በላይ ሲበቅል፥ በብርቱ ከሚበጡት ግን ከ16 በመቶ በታች ነበር። ሙጫውም ዘሩም የሚወጣው ከአንድ ስንቅ ነውና።

ታዲያ ጥፋቱ የበጪው ነውን? እኛም እንዲህ ብለን ልንፈርድ ቸኩለን ነበር። ነገር ግን በመተማ በተደረገው ጥናት፥ ባልተበጡት ዛፎች መካከልም ተተኪ ወጣት ዛፍ ጠፍቷል። ቡቃያውን ከብት ይበላዋል፤ የተረፈውን ሰደድ እሳት ያገኘዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ይኸው ጥናት፥ ነገሩ እንዲሁ ከቀጠለ በ50 ዓመት ውስጥ ከመቶው ዘጠናው ዛፍ ያልቃል ይላል። በጪውም እረኛውም እንጀራቸውን ይፈልጋሉ፤ እኛ ደግሞ መዓዛውን።

ከዘር ማብቀሉም ትዕግሥት ይፈታተናል። ቡቃያው በየበጋው ከአፈር በላይ ያለው ሁሉ ይደርቃል፤ ሥሩ ግን ስንቁን ይዞ ቆይቶ በክረምት እንደገና ያቆጠቁጣል። ይህም ለዓመታት ይደጋገማል። (እኛ ብንሆን በሁለተኛው በጋ ሞቷል ብለን አጥሩን ለማገዶ እናነሣው ነበር።) ዕጣኑን የሚያጥነው ምናልባት ገና ያልተወለደ ሰው ነው። ላልተወለደ ሰው ዕዳ አለብን? አለብን እንላለን፤ ዛሬ የምናጥነውን የተከልነው እኛ አይደለንምና። መተማ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፥ በዚህ በጋ የደረቀ የሚመስል ቡቃያ ብታገኙ አትንቀሉት፤ እስከ ሰኔ እሾህ እጠሩለት።